አምስት ባዶ ካሬዎች

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንሶላ አጠፍን። ከማድረቂያው አውጥቼ ሁለቱን ጫፍ ለባለቤቴ ሰጠሁ፤ ሁለቱን እኔ ያዝኩ። ወደ ኋላ ተራራቅን፣ አራገፍን፣ ከዚያ ጫፍ ከጫፍ ለማጋጠም እየተጠጋጋን መጣን። «ጠበቅ አድርገሽ ያዢ እንጂ፤ ያንቺ ወገን ሁልጊዜ ያጥራል» አሉኝ። «ያንተ ነው የሚረዝመው» አልኳቸው። አራት አንሶላ አጥፈን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ይህ ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ዘለቀ መተላለፊያው ላይ ባለው ወንበር ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያስሩ አረፉ። የግራውን አስረዋል፤ የቀኙን አላሰሩም። የመጣው ሐኪም ልባቸው መሆኑን ነገረኝ። የተናገረውን የጀርመንኛ ቃል አንድ በአንድ ሰማሁ፤ አንድም አልጠፋኝም። ከዚያ «ውኃ ላምጣልዎት?» ብዬ ጠየቅሁት። ለምን ይህን እንዳልኩ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ለአርባቸው ለተሰበሰባችሁ፣ ርቃችሁ ላላችሁና ዘለቀን በሥራም በማኅበርም ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። ቤት ውስጥ «አንተ» ነበር የምላቸው። እናንተ ዘንድ ግን ጋሽ ዘለቀ ናቸውና እንደ እናንተ በአክብሮት እጽፋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ። ልጃችን ሳሮን «ማማ፣ ራይኽት ዬትስት» ትለኛለች፤ አሁንስ ይበቃል ማለቷ ነው። ለእኔ አልበቃም፤ ያልተነገረ ነገር ቀርቷል።

ለቅሶ ቤት ሳለን አንዲት ጃፓናዊት ሴት ሦስት ቀን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው አይታችኋል። በጥቁር ልብስ ነበሩ። አንዷ እህታችን ነጠላ አምጥታ እንደ ሐዘንተኛ አድርጋ አለበሰቻቸው፤ እንዳለበሰቻቸው ሳያስተካክሉት ቀኑን ዋሉ። ወጥ ቤት ገብቼ ሳለሁ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ሲባል ሰማሁ። «ጋሽ ዘለቀ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰዓት አይሰጡም የሚባለው ለካ እሷ ጋ ነው የሚሄዱት» ያለም ነበር። ከዚህ በፊትም በማኅበሩ ስብሰባ «ጋሼ፣ ጃፓን አገቡ እንዴ?» እያላችሁ ትቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ወደ እኔ እያመለከቱ «አዎ፣ ጽጌ ፈቅዳልኛለች» እያሉ ይስቁ ነበር። ስቀው ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ቶሎ ይጠቁር ነበር። ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴትዮዋ ወይዘሮ ኪኩኤ ይባላሉ፤ ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ።

የዘለቀን ሥራ ሳልናገር የወይዘሮ ኪኩኤን ነገር መናገር አልችልም።

ዘለቀ ወደዚህ አገር የመጡት በተማሪነት ነው፤ መመለስ ሳይቻል ቀረ። መጀመሪያ ዚንድሊንገን ባለው የኬሚካል ሰፈር፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ ያጥቡ ነበር። ኤስ-ባን በሚባለው የከተማ ባቡር ላይ ተቀምጠው ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምር መጽሐፍ ሲያነቡ ነው የማስታውሳቸው። በኋላ መሴው፣ የንግድ ትርኢቱ አዳራሽ፣ አጠገብ ያለ አንድ ድርጅት ቀጠራቸው፤ እስከ ጡረታቸው እዚያው ቆዩ። ድርጅቱ የማሽን አጠቃቀም መጻሕፍትን በየቋንቋው ያዘጋጃል። የዘለቀ ሥራ ከጃፓን የሚመጣው ጽሑፍ ፊደሉ ሳይበላሽ እንዲታተም ማድረግ ነበር።

አንድ ቀን መነጽራቸውን ቤት ረስተው ሄዱ። ይዤላቸው ስሄድ አንድ ወጣት ባልደረባቸው ፊቱ ቀልቶ «ካፑት! ሁሉም ተበላሽቷል፣ ካፑት ነው!» እያለ ይጮኻል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደል አይመስልም፤ ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የፈረንጅ ፊደላት ተዘበራርቀው ሞልተውታል። ዘለቀ ቀረብ ብለው አዩና «ካፑት አይደለም። በሌላ ሰው መነጽር እያየነው ነው» አሉት። አንድ ነገር ነካኩ፤ የጃፓን ፊደሎች ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ልጁ የእሳቸውን መነጽር እጄ ላይ አይቶ «ሄር ዘለቀ፣ እርስዎ ያለ መነጽር ነው የሚያዩት ማለት ነው» ብሎ አሳቀን።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። እስከ ዛሬ እንደነገሩኝ አድርጌ ይዤዋለሁ።

«ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም» አሉኝ። «የሚያውቀው ቁጥር ነው። ጃፓኖች ሂራጋና የሚሉት የድምፅ ፊደል አላቸው። እንደ እኛ ፊደል ነው፤ አንዱ ምልክት ካ ነው፣ ሌላው ኪ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው። ችግሩ ቁጥር የሰጠው ሰው ብዙ ነው። የእነሱ አ በአንዱ አሮጌ ሰንጠረዥ 130 እና 160 ነው። በሌላው 164 እና 162 ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት ሰንጠረዥ ደግሞ ሦስት ቁጥር ነው፦ 227፣ 129፣ 130። ቁጥሩን ይዘሽ ሰንጠረዡን ካላወቅሽ፣ የቤት ቁጥር ይዞ መንገዱን እንደማያውቅ ፖስተኛ ነሽ።»

«የእኛስ?» አልኳቸው።

«የእኛም ሦስት ነው የሚወስደው። ለፈረንጁ አንድ ይበቃዋል» አሉና ሳቁ። «የአማርኛው ፊደል ሁሉ 225 ብሎ ይጀምራል፤ ሂራጋናው 227። በመካከላችን 226 ብቻ ነው ያለው። ጎረቤታሞች ነን።»

ይህን እውቀት ለራሳቸው ብቻ አልያዙትም። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ የተተየበ ወረቀት ዛሬ ሲከፈት የፈረንጅ ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። በአረጋውያን ቤት የምትሠራው ሰናይት እንዲህ ያለ ፋይል ይዛ መጣች። አባቷ ከመሞታቸው በፊት ያስተየቡላት ደብዳቤ ነበር። «ጋሼ፣ ይዤው ኖርኩ፤ ባይነበብም አልጥለውም» አለች። ዘለቀ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጠው መለሱላት። ወረቀቱን ስትቀበል እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። «እኔ ምንም አልጻፍኩም፤ የጻፉት አባትሽ ናቸው። እኔ መነጽሩን ነው የቀየርኩልሽ» አሏት።

ይህን ሥራ ላስተማሯቸው ሁሉ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «መጀመሪያ ቅጂ፤ ከዚያ ንባብ።» የሰው ፋይል ሲመጣ ሳይከፍቱት ቅጂ ያነሳሉ። ዋናውን አይነኩም። ሳሮን ልጅ ሳለች ሥዕሏን ልታሳያቸው ስትመጣ «መጀመሪያ ቅጂ!» ብላ ትቀልድባቸው ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ብቻ ጣሱ።

ኦይሮፓፊርቴል ሰፈር ወዳለው ወደ አሁኑ ቤታችን የገባን ሰሞን፣ ዘለቀ በአሳንሰሩ ውስጥ ከወይዘሮ ኪኩኤ ጋር ተገናኙ። ሴትዮዋ ከጃፓን የመጣ የሻይ ፓኮ ይዘው ነበር። ዘለቀ በፓኮው ላይ ያለውን ሂራጋና ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ወይዘሮ ኪኩኤ ደነገጡ። በጀርመንኛ «ጃፓንኛ ይችላሉ?» አሏቸው። «አንድም ቃል አልችልም። ፊደሉን ብቻ ነው የማውቀው» አሉ። እኛ አገር የግዕዙን ትርጉም ሳይማር ንባብ ብቻ የሚወጣ ተማሪ እንዳለ ሁሉ፣ ዘለቀም የጃፓኑን ንባብ ብቻ ነበር የሚያውቁት። ወይዘሮ ኪኩኤ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። «ሄር ዘለቀ፣ እንደ ባቡር ጣቢያ ድምፅ ማጉያ ነው የሚያነቡት» ይሏቸው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወይዘሮ ኪኩኤ አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ዲስኬት አወጡላቸው።

ወይዘሮ ኪኩኤ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እናታቸው ጃፓን ቀርተው ነበር። እናትየዋ ሲያረጁ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ብዕር መያዝ ሲያቅታቸው በሰፈራቸው አዳራሽ መተየብ ተማሩ። ከቻይና የመጣውን ብዙ ጭረት ያለውን ፊደል ለመምረጥ ትዕግሥት ስላልነበራቸው ሁሉንም በሂራጋና ይጽፉ ነበር። ደብዳቤውን ጽፈው ዲስኬቱን በፖስታ ይልካሉ። ልጅ ከሥሩ መልሷን ጨምራ ዲስኬቱን ትመልሳለች። እናት ከልጅ ሥር ይቀጥላሉ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ዲስኬት፣ በውስጡም አንድ ፋይል፣ በእናትና በልጅ መካከል ተመላለሰ።

«የመጨረሻው ሲደርሰኝ እናቴ ከተቀበረች አራት ቀን ሆኗት ነበር» አሉን ወይዘሮ ኪኩኤ። «አንድ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ከፍቼው አላውቅም። በኋላ ኮምፒውተሩም ተበላሸ። አሁን ግን አረጀሁ፤ ማንበብ እፈልጋለሁ።»

ዘለቀ ማክሰኞ ዕለት ኮምፒውተራቸውንና የዲስኬት ማንበቢያ ይዘው ወጡ። ሲመለሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ካፖርቱን ለምን ለብሰው ወደ ላይ እንደወጡም አልገባኝም ነበር። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያዩታል።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ሰው ቤት ገብቼ ደብዳቤ አቃጠልኩ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ኪኩኤ ዲስኬቱ ሲገባ ከኋላቸው ቆመው እጃቸውን አጋጥመው ይጠብቃሉ። ዘለቀ ሴትዮዋን ላለማስጠበቅ ብለው ቅጂ ሳያነሱ ከፈቱት። ፕሮግራሙ አሮጌውን ጽሑፍ በአዲሱ ሰንጠረዥ አነበበው። አሮጌው ሂራጋና በሙሉ 130 ብሎ ይጀምራል፤ በአዲሱ ሰንጠረዥ ግን 130 ፊደል መጀመር አይችልም። ፕሮግራሙ ያልገባውን ሁሉ ጥቁር ምልክት ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት አደረገው። እስከዚህ ድረስ ምንም አልጠፋም፤ መነጽር መቀየር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ወይዘሮ ኪኩኤ ሻይ ይዘው ሲመጡ ዘለቀ ቦታ ሊለቁላቸው ኮምፒውተሩን ገፋ አደረጉት፤ ጣታቸው አንድ ቁልፍ ነካ። ፋይሉን ሲዘጉት ማሽኑ «ላስቀምጠው?» ብሎ ጠየቃቸው። የሠላሳ ዓመት ልማድ ያለው እጅ «አዎ» ብሎ መለሰ።

«የጥያቄ ምልክቱ ተቀመጠ» አሉኝ። «አንዱ የጥያቄ ምልክት ከሌላው አይለይም። የማን ምትክ እንደሆነ አያስታውስም። አሁን መነጽር ብቀይርም የማየው የጥያቄ ምልክት ነው።»

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«ዲስኬቱ አሮጌ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል አልኳቸው።»

«ንገራቸዋ።»

«እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ የሚድነውን ላድን።»

ዲስኬቱን እስከ ሥሩ ድረስ ፈተሹት። አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጽፎበታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። ሁሉም አልጠፋም ነበር። ከሂራጋናው ተራ ከአ እስከ ቺ ያሉት ፊደላት ጠፍተዋል። ከትሱ እስከ ሜ ያሉት ግን ቁጥራቸው በአጋጣሚ በአዲሱ ሰንጠረዥ ውስጥ የሌላ ሕዝብ ፊደል ሆኖ ስለተገኘ ተርፈዋል። ቴ የሮማንያ ፊደል ለብሳ ተቀምጣ አገኟት፤ ሄ የአርመን ፊደል መስላ። የመጨረሻዎቹ ተራዎች ደግሞ እንደ ጎረቤታቸው ነው፤ አንዳንዱ ተርፏል፣ አንዳንዱ የለም። የጠፉትም ቢሆኑ ስንት እንደነበሩ ይቆጠራሉ።

ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተር ገዙ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ካሬ። የተረፈውን ጻፉ፤ የጠፋውን ባዶ ተዉት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ ደብተሩን ይዘው ሁለት ፎቅ ወጡ።

እኔም አንዳንድ ጊዜ አብሬ እሄድ ነበር። ዘለቀ ያለውን ያነባሉ፤ ባዶው ጋ ሲደርሱ እርሳሱን ካሬዋ ላይ መታ ያደርጋሉ። «ኒ። ባዶ። ኖ። ባዶ። ሜ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ማ። ባዶ፣ ባዶ።» ወይዘሮ ኪኩኤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሁለት ጊዜ አስደገሟቸው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠና እንደ አንዲት አሮጊት አድርገው «ኒዋኖ ኡሜጋ ሳኪማሺታ» አሉ። የግቢው ፕሪም አበበ ማለት ነው። «እናቴ ናት! የካቲት በመጣ ቁጥር ይህን ትጽፋለች!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ዘለቀ ካሬዎቹን ቆጠሩ፤ ልክ ገባ።

እንዲህ እየተባለ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ጥርስ ሐኪም፣ ስለ ጭቅጭቅም ጭምር ወጣ። አንድ ማክሰኞ እናትየዋ ልጃቸውን «አንቺ ግትር» ብለው የጻፉበት ተገኘ። ወይዘሮ ኪኩኤ «ይህን ባዶ መተው እንችላለን?» ብለው ሳቁ። ዘለቀ ግን ጻፉት።

የሥራው ሕግ አንድ ነበር። ወይዘሮ ኪኩኤ «ፊላይኽት» ያሉበት ቃል፣ ምናልባት ማለታቸው ነው፣ አይጻፍም። «ፊላይኽት ካሉ ይቆይ» ይሏቸዋል ዘለቀ፣ እርሳሱን አስቀምጠው። «ባዶ ካሬ ውሸት አይደለም።»

በሦስተኛው ዓመት ወደ መጨረሻው ደብዳቤ መጨረሻ መስመር ደረሱ። አሥራ አንድ ካሬ ነው። የተረፉት ሦስት ናቸው፦ ቴ፣ ኔ፣ ና። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ወዲያው ተሞሉ፤ ኔናሳይ ሆነ፣ «ተኚ» ማለት ነው። ከቴ በፊት ያለችውም ታወቀች። ከፊት ያሉት አምስቱ ግን ባዶ ቀሩ። እንዴት ሆነሽ ተኚ? ወይዘሮ ኪኩኤ ብዙ አሰቡ። «ምናልባት እንዳይበርድሽ ተሸፋፍነሽ» አሉ። «ፊላይኽት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት፤ እያለቀስኩ።» ዘለቀ እርሳሱን አስቀመጡ።

ያን ቀን ቤት ስንገባ «ሙላላቸው» አልኳቸው። «የእናት የመጨረሻ ቃል ነው። እሳቸውም ብለውታል። ማን ይጎዳል?»

ዘለቀ በትዳራችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ! አሁን ደግሞ በእናታቸው አፍ ልናገርላቸው?» አሉ። ቆይተው «በሚቀጥለው ማክሰኞ እነግራቸዋለሁ» አሉ። ያን ማክሰኞ ወይዘሮ ኪኩኤ አሟቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞ የሳሮን ልደት ሆነ። በሦስተኛው ማክሰኞ ጠዋት ተነስተው ንጹሕ ሸሚዝ ለበሱ፤ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ዛሬ ነው» አሉኝ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። «ጎሽ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ድምፅ ስላልሰማሁ የሄዱ መስሎኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወረቀት ነበር። የሞት ማስረጃውን ለማውጣት ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያዝኩ፤ ሄድኩ፤ ፈረምኩ። የጡረታውን፣ የጤና ኢንሹራንሱን፣ የስልኩን ደብዳቤ ጻፍኩ። በየመሥሪያ ቤቱ «አዝናለሁ» ይሉኛል፤ «አመሰግናለሁ» እላለሁ። ደብተሩ መተላለፊያው ወንበር ላይ ነበር። ወጥቼ ለወይዘሮ ኪኩኤ ልነግራቸው መሆኔን ለሳሮን ስነግራት «ቫሩም፣ ማማ? ለምን?» አለችኝ። «ፓፓ ሞቷል። ሴትዮዋ ይወዱታል። ለምን ታበላሺባቸዋለሽ?» ጫማዬን አሰርኩና ደብተሩን ይዤ ወጣሁ።

ወይዘሮ ኪኩኤ ወንበር ሰጡኝ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ዲስኬቱ አሮጌ ስለሆነ አልተበላሸም፤ ባለቤቴ ቅጂ ሳያነሱ ከፍተው አስቀመጡት፤ የጠፋው ያን ጊዜ ነው፤ ሊነግሩዎት ሲመጡ ነው የሞቱት አልኳቸው። አቋርጠው አልጠየቁኝም። ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ። የቧንቧ ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል። ብዙ ፈሰሰ። ሲመለሱ እጃቸው ደረቅ ነበር።

«ደብተሩን ይተዉልኝ» አሉኝ። «ዛሬ ይሂዱ። ማክሰኞ ይምጡ።»

እስከ ማክሰኞ አምስት ቀን ነበር። በአሳንሰሩ ሲያልፉ አንድ ጊዜ አየኋቸው፤ ሰላምታ አልሰጡኝም። አልፈረድኩባቸውም። ማክሰኞ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩና ሁለት እርሳስ አለ። የወይዘሮ ኪኩኤ ዓይን አብጧል።

«አራት ቀን ተቆጣሁ» አሉኝ። «በሞተ ሰው ላይ መቆጣት ከባድ ነው፤ የት ሄዶ ይጮኹበታል? በአምስተኛው ቀን ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። በየገጹ ባዶ ካሬ አለ። ሄር ዘለቀ ጥፋታቸውን መደበቅ ቢፈልጉ ኖሮ ሊሞሉት ይችሉ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር፤ እቀበላቸው ነበር። አንዷን እንኳ አልሞሉም።»

ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጡና እርሳስ አነሱ። አምስቱን ባዶ ካሬዎች አዩ። «ተሸፋፍነሽ ተኚ» አሉ።

«ፊላይኽት?» አልኳቸው።

ብዙ አሰቡ። በመስኮቱ ወደ መሴው ሕንፃ ያያሉ።

«ፊላይኽት» አሉና እርሳሱን አስቀመጡ።

ይህን ለእናንተ እንድጽፍ ጠየቅኋቸው። «ይጻፉት። በሦስት ሦስት ቁጥር ይጻፉት» አሉኝ። የእኛ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር እንደሚወስድ ዘለቀ ነግረዋቸው ኖሯል። ስለዚህ በማክሰኞው የቀለዳችሁ፣ እንግዲህ የሚሄዱበትን አወቃችሁ። መልካም ሰው ነበሩ ብላችሁ ስትናገሩ ሰምቼአለሁ። ይህንም ጨምራችሁ ያዙ፤ ያጠፉትን የሚያውቁ፣ ያላወቁትን የማይጽፉ ሰው ነበሩ።

ዘለቀ፣ ከእንግዲህ «አንተ» ልልህ። ሰው ፊት ብዙ አከበርኩህ፤ ደከመኝ። ነግሬልሃለሁ። የተናገርኩት አንተ ትናገር እንደነበረው አድርጌ አይደለም፤ አንተ ረዘም ታደርገው ነበር። ተቆጥተውብሃል፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው ጠበቁኝ። ሙላላቸው ያልኩህ ጊዜ የተናገርከኝ ቃል ልክ ነበር። ጫማህን አላነሳሁትም፤ ሳሮን ልታነሳው ስትል ተይው አልኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከሰኞው አንሶላ ሦስቱን እስካሁን አልዘረጋሁም። አንዱን ዘርግቼ አጥቤ ሳጥፈው ጫፉን በአገጬ ያዝኩት፤ ተጣመመ። እንደ ተጣመመ አስቀመጥኩት። ሄደሃል። ሰላም ዕረፍ፣ የቀኙን ጫማ ሳታስር የሄድክ ሰውዬ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ፎቅ እወጣለሁ። ከወይዘሮ ኪኩኤ ጋር ተቀምጠን ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን። ከመጀመራችን በፊት ቅጂ አነሳለሁ።